የአሮጊቷ ሽኝት

«ሚጣ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ግን የት ነው የሚሄዱት?»

ይህን የጠየቀኝ ከአባቴ የትኬት መስኮት አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ቀጭን ሰውዬ ነው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰውዬው መዳፉ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ብረት ይዟል። አንድ ሰው ባቡሩ ላይ በወጣ ቁጥር በአውራ ጣቱ ይጫናታል፣ እሷም ጠቅ ትላለች። ጥያቄው ግራ ገባኝ። ማንም የትም አይሄድም ነበር። ሰዎቹ የወጡት ለሽኝት ነው። ሸኚ ደግሞ ሸኝቶ ይመለሳል እንጂ የት ይሄዳል?

«አላውቅም» አልኩት።

«እኔም» አለና ጠቅ አደረገ።

የምንኖረው ከጣቢያዋ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ መሳፈሪያ፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ መስኮት ናት። ጠዋት ጠዋት ባቡሩ ሠራተኛና ተማሪ ወደ ከተማ ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳል፣ በመሃሉም ባዶውን ውር ውር ይላል። አባቴ ትኬት ሻጭ፣ መሳፈሪያ ጠራጊ፣ መብራት አብሪና የመኪና መሻገሪያው አጣና ከፋች ነበር። ለአራቱም ሥራ የሚለብሰው አንድ ኮት ነው። ቤቱ የሥራው ስለሆነ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይህን እናቴ ተኝታም ታውቀዋለች። እኔ የማውቀው ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እንደሚነካኩ ብቻ ነበር። ሰው ቤት ሄጄ ብርጭቆዎቹ ዝም ብለው ሲቆሙ የተኳረፉ ይመስለኝ ነበር።

በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ በጠዋቱ ባቡር ከተማ ሄዶ ይማራል። እኔም በሚቀጥለው ዓመት እጀምራለሁ ተብሏል።

ባቡር ያስተማረኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጫማ ሰፊ ነበር፤ የባቡር ጡሩምባ በአፉ አሳምሮ ስለሚያወጣ ሰፈሩ «ፊሽካ» ይለዋል። ሳጥኑን መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ዘርግቶ ይውላል፤ የሚሠራው ግን ባቡር በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው። ሐዲዱ መንሾካሾክ ሲጀምር ወስፌውን ጥርሱ መሃል ነክሶ ይነሳል፣ የደንበኛው ጫማ በአንድ እጁ እንደተንጠለጠለ። ደንበኛው በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል።

«ስሚ፣ ስሚ» ይለኛል። «ገና ድልድዩን አልተሻገረችም። ማናት?»

«አሮጊቷ!»

«በምን አወቅሽ?»

«ስለምታስል።»

«ጎበዝ! የእናትሽ ልጅ ሳትሆኚ የኔ ነሽ።»

አሮጊቷ ማለት ፉርጎዎቹን ከሚጎትቱት ሁለት ሞተሮች አንዷ ናት። አረንጓዴ ነበረች፤ ቀለሟ ከጎኗ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ስትነሳ ሁለት ጊዜ አስላ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ፣ ከዚያ ነው የምትንቀሳቀሰው። ሌላው «ጎረምሳው» ነው፤ ቀይ፣ ባለ ከፍተኛ ድምፅ፣ ሁልጊዜ ከማቆሚያው አልፎ የሚቆም። ጎረምሳው ሲመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ይሮጣል። አሮጊቷ ግን በሩን እናቴ ልብስ ከምታሰጣበት ገመድ ትክክል አምጥታ ታቆመዋለች። በእርግጥ የሚያቆመው እሷ ሳትሆን ሹፌሩ ነው። ይህን ለአጎቴ ነግሬው አያውቅም።

በዚያ ዓመት ሐዲዱ ዳር ነገሩ ሁሉ ይለዋወጥ ጀመር። የብርቱካን ቀለም ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መጡና ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ምሰሶ አቆሙ፣ ሽቦ ዘረጉ። ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙትን እንጨቶች አውጥተው የሲሚንቶ አስገቡ። በቤታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ምልክት አደረጉ። እኔ ጌጥ መስሎኝ ከሥሩ አበባ ሳልኩበት። እናቴ አበባውን ብቻ አጠበችው።

«በመብራት የሚሄዱ ነጫጭ ባቡሮች ሊመጡ ነው» አለኝ አጎቴ። «ድምፅ የላቸውም፤ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ሹልክ ነው።»

«አሮጊቷስ?»

ወስፌውን ከአፉ አወጣ። «እሷማ ጡረታ ትወጣለች። ምን ታድርግ፣ እድሜ ነው።»

ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። እናቴ ሆዷን ነው ብላ ሞቅ ያለ ውሃ አጠጣችኝ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ለእኔ ስለ አሮጊቷ ነበር። አንድ አመሻሽ ላይ እናቴ፣ አጎቴና ፀጉር አስተካካዩ ባለሻይዋ ቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ሲያወሩ ደረስኩ። ባለሻይዋ ከጣቢያዋ ፊት ለፊት ለተሳፋሪ ሻይ የምትሸጥ ወፍራም ሴት ናት፤ ሹክሹክታዋ መንገድ ይሻገራል።

«ሳምንቱን ሙሉ?» አለች።

«ሳምንቱን ሙሉ» አለች እናቴ። «ማንም እንዳይቀር። ደግሞ እንዲሁ ተዝረክርካችሁ አትምጡ። ልብስ ልበሱ፣ ቦርሳ ያዙ።»

«እኔ ቦርሳ የለኝም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ተዋስ።»

«እንዲህ አድርገን ታዲያ ይሆናል ብለሽ ነው እመቤት?»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አለ አጎቴ።

«አንተ ዝም በል» አለች እናቴ፤ ያኔ አየችኝና ሁሉም ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመሩ።

ደስታዬን አልችለው አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ አሮጊቷን ሊሸኝ ነው! እስከዚያ ቀን ድረስ ባቡር የምንወደው እኔና አጎቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የነበረው ነገር ይህ ነው። አዲሶቹ ባቡሮች ፈጣን ስለሆኑ በየደጃፉ አይቆሙም ተባለ። የእኛ ጣቢያና ቀጣዩ ጣቢያ ተቀራርበው ነው የተሠሩት፤ ከሁለቱ አንዱ ይዘጋል። የትኛው እንደሚዘጋ ለመወሰን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሰው ልኮ ተሳፋሪ ያስቆጥራል። ወሬውን አባቴ ሰምቶ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ለሰፈሩ ነገረች። እቅዱም ቀላል ነበር፤ ሥራ ያለውም የሌለውም በየባቡሩ ይሳፈራል፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፣ በሐዲዱ ዳር በእግሩ ይመለሳል፣ ልብስ ቀይሮ እንደገና ይሳፈራል። አባቴ ሠራተኛ ስለሆነ በነገሩ የለበትም። እኔ ደግሞ ልጅ ስለሆንኩ እንዳልለፈልፍ ተብሎ ምንም አልተነገረኝም።

ሰኞ ጠዋት ቆጣሪው መጣ። አባቴ ወንበሩን በጨርቅ ጠረገለት።

«ሰው ይበዛል እዚህ?» አለው ቆጣሪው።

«እንደ ቀኑ ነው ልጄ» አለ አባቴ። በዚያ ሳምንት ለቆጣሪው የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሰው መጣ። ምን አይነት ሰው! ፀጉር አስተካካዩ ክራቫት አስሮ፣ የተዋሰውን ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥሎ ደረሰ። ባዶ ቦርሳ ከአያያዙ ያስታውቃል ብሎ ጡብ ከቶበታል። ባለሻይዋ በጠዋቱ ባቡር ቢጫ ሻሽ፣ በረፋዱ ሰማያዊ ሻሽ፣ በቀትሩ ደግሞ ጥቁር መነጽር አደረገች። ቁመቷንና ወርዷን ግን የት ትደብቀው? ቆጣሪው ባያት ቁጥር ሰላም ይላታል።

«ደህና አረፈድሽ እናቴ።»

«እኔን የት ታውቀኛለህ?» ትለዋለች ተቆጥታ።

ጠቅ።

እኔ በበኩሌ ከቆጣሪው ጋር ወዳጅ ሆንኩ። እሱም ባቡር ወዳድ መስሎኝ ነበር። ያለዚያ ማን ሰው ቀኑን ሙሉ ባቡር እያየ ይቀመጣል? ስለ አሮጊቷ ሳል፣ ስለ ጎረምሳው ፍሬን፣ የትኛው ፉርጎ መስኮቱ እንደማይዘጋ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። አንድ ጊዜም ብረቷን ሰጥቶኝ ራሴ እንድጫናት ፈቀደልኝ። ባቡር አልነበረም፤ ማንም አልተሳፈረም። በዚያ ሳምንት ቁጥር ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ እናቴ እኔንም ይዛኝ ተሳፈረች። የተተኮሰ ቀሚስ አለበሰችኝ። አሮጊቷ ስትደርስ አጎቴ ብብቴን ይዞ አነሳኝና ጎኗን ነካሁ። ትሞቅ ነበር፤ እንደታመመ ሰው ግንባር። መዳፌ ላይ የቀረው የጭስና የዘይት ሽታ እስከ ማታ አልለቀቀኝም፤ ልታጠብም አልፈለግኩም።

ውስጥ ሰፈራችን በሙሉ ተቀምጧል። እርስ በርሱ እንደማይተዋወቅ ሆኖ በመስኮት ያያል። ፀጉር አስተካካዩ እናቴን «ይህ ቦታ ተይዟል ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «አልተያዘም ጌታዬ» አለችው። ሽኝት ላይ ሰው ቁም ነገረኛ ይሆናል ብዬ እኔም ወንድሜ ትምህርት ቤት የሚያደርገውን ዓይነት ፊት አደረግኩ።

ብዙም ሳንቆይ ቀጣዩ ጣቢያ ደረስን። ሁሉም ግር ብሎ ወረደ። እዚያም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው አለ፤ እሱም እጁ ውስጥ ያንኑ የመሰለ ብረት ይዞ የወረደውን ሁሉ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሽኝቱ እዚህም ደርሷል ብዬ ኮራሁ።

«ፊሽካስ?» አለች ባለሻይዋ።

ዞር ስንል አጎቴ ፉርጎው ውስጥ ነው። መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሞተሩን እያዳመጠ።

«አንተ! ውረድ እንጂ!» ብላ እናቴ መስኮቱን መታችው።

ዓይኑን ገለጠ፤ እጁን አወዛወዘልን። አሮጊቷ ሁለት ጊዜ አሳለችና ይዛው ሄደች።

በሐዲዱ ዳር በእግር ተመለስን። እናቴ እጄን አጥብቃ ስለያዘችኝ ጣቶቼ ነጡ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከታች ውሃው ገና ባልተቀየሩት እንጨቶች መሃል ይታያል፤ ባዶ እጅዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ለአሮጊቷ ያዘነች መሰለኝ። አሁን እኔም ልጆች አሉኝ፤ ልጄ ባቡር ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኮሌታውን ካልያዝኩ ልቤ ስፍራው ላይ አይሆንም። እናቴ ያኔ ስለ አሮጊቷ አላሰበችም።

«ይሄ ጡብ ገደለኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላችን።

«አውጥተህ ጣለው እንጂ!» አለችው ባለሻይዋ።

«ነገ ቀልሎ ቆጣሪው ቢያየውስ?»

አጎቴ የመጣው ማታ ነው። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዷል። ተቆጣጣሪው ሊቀጣው ሲል አጎቴ የተቆጣጣሪውን ጫማ አፉን ከፍቶ ስላየው፣ ሶሉን ሰፍቶለት ተለቀቀ።

«ዳገቱ ላይ ብትሰሚያት!» አለኝ ፊቱ እየበራ። «አራት ጊዜ ነው ያሳላት!»

«በሽታ ነው የሚያስደስትህ?» አለች እናቴ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ቆየ።

«ሁሉም ትኬት የሚገዛኝ ለቀጣዩ ጣቢያ ነው» አለ።

«ታዲያ በቀን አራት ጊዜ ከተማ ድረስ ለመሄድ ማን አቅም አለው?»

«እሱን አላልኩም።»

«ሰው ወጣ አልወጣም?»

«ወጣ።»

«ቆጠረ አልቆጠረም?»

«ቆጠረ።»

«እንግዲያው እራትህን ብላ።»

አባቴ እራቱን በላ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠረጴዛ ይመታ ነበር። እሱ ግን ከእናቴ ጋር ሲኖር የተማረው ነገር ቢኖር፣ እሷ መሮጥ ከጀመረች በኋላ መንገድ መጠየቅ እንደማይቻል ነው።

ቅዳሜ ቆጣሪው ሁሉንም ጨብጦ ሄደ። ባለሻይዋ ሻይ በነፃ ጋበዘችው። ሰፈሩ ምሽቱን ሲስቅ አመሸ። የማን ሻሽ፣ የማን ክራቫት፣ ማን ከማን ጋር እንደማይተዋወቅ ሆነ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተተረከ። እናቴ ስትስቅ እንደዚያ ቀን አይቻት አላውቅም። እኔ ግን ከሽኝት በኋላ እንዴት ይሳቃል ብዬ ጥግ ይዤ ተቀየምኩ። ለሰኞ አሮጊቷ እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሰኞ መጣች። ማክሰኞም መጣች። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሠራች! ጭነት ላይ ተመድባ፣ እያሳለች፣ ከነጫጮቹ ጋር በአንድ ሐዲድ ትመላለስ ነበር። ጡረታዋ እንዲሁ የአጎቴ ግምት ነበር።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ከመሥሪያ ቤቱ አንድ አለቃ መጣ። ጠና ያለ፣ ትሁት ሰውዬ ነው፤ ቤታችን ገብቶ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ። እናቴ በር ላይ ቆማለች። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዣለሁ።

«ቁጥሩ አስገርሞናል» አለ አለቃው። «ከዚህ ጣቢያ ይህን ያህል ሰው ይሳፈራል ብለን አላሰብንም።»

እናቴ ቀና አለች።

«ችግሩ ሁሉም የሚሄደው ቀጣዩ ጣቢያ መሆኑ ነው። ይኸው፣ ከእናንተ መስኮት የተሸጠው ትኬት ሁሉ ወደዚያ ነው። እዚያ ደግሞ ያለ ባቡርም ይደረሳል፤ ስትመለሱ በእግራችሁ ነው አሉ።» ሻዩን ፉት አለ። «ስለዚህ ይህችን መዝጋት ማንንም አይጎዳም። የሚወርደውም የሚሳፈረውም ተደምሮ ቀጣዩ ከመስመሩ ሁሉ ሰው የሚበዛበት ሆኗል። አንድ ሠራተኛ አይችለውም። አንተ ወደዚያ ትዛወራለህ። ሦስት ክፍል ቤት አለው፣ ውሃው ውስጥ ድረስ ገብቷል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ሦስት ክፍል የሚለውን ስሰማ ዘለልኩ። እናቴ አልተነቃነቀችም። ፊቷን ሳየው ግን ደስታ የሚባለው ነገር ትልልቅ ሰዎችን እንዴት እንደሚያደርጋቸው አላውቅም ነበርና፣ ደስታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወሬው እስከ ማታ ሰፈሩን አዳረሰ። ባለሻይዋ መጣችና «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ሹክሹክታ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ከመንገድ ማዶ ቆሞ ነው የጮኸው።

«እመቤት! ያንን ጡብ ስሸከም የማንን ቤት እየሠራሁ እንደነበር አሁን ገባኝ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ቀልዱ ባይገባኝም ሳቅኩ። እናቴ መስኮቱን ዘጋች።

በዚያ ሰሞን በቤታችን ስለ ሌላ ነገር አልተወራም።

«እኔ እዚያ ቤት አልገባም» ትላለች እናቴ።

«እንግዲህ ሆን ብለሽ አላደረግሽውም» ይላል አባቴ።

«ይህን ለሰው በየበሩ እየዞርክ ትነግርልኛለህ? በልመና ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። የነሱ ደጃፍ ተዘግቶ እኔ ሦስት ክፍል ልግባ?»

«ልጆቹስ? ትምህርታቸውስ?»

«ወንዱን ውሰደው፤ ጀምሯል። እሷ ገና ናት። ባቡር ለመያዝ ብላ ያንን ድልድይ ብቻዋን አታቋርጠውም።»

«አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሰው እሆናለሁ።»

አባቴ ሥራውን መልቀቅ አልቻለም፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። እናቴም ቃሏን መመለስ አልቻለችም። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ ሰሃን አልተሰበረም። ለረጅም ጊዜ እኔ የማምነው አባቴ አሮጊቷን ተከትሎ እንደሄደ ነበር፤ ቀጣዩ ጣቢያ ትቆማለቻ፣ እኛ ጋ ደግሞ ሳትቆም ታልፋለች። አላዘንኩበትም። እኔም ብሆን እከተላት ነበር። አባቴ ባቡር እንደማይወድ፣ ጭሱ እንደሚያስለው፣ ጆሮውን በጥጥ እየደፈነ ይተኛ እንደነበር የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ራሴ ካገባሁ በኋላ። በየእሑዱ በሐዲዱ ዳር በእግሩ ይመጣ ነበር። እናቴ ምሳ ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ ሳይመሽ ይመለሳል።

እናቴ ከባለሻይዋ ጓሮ አንድ ክፍል ተከራየች። ቀይ ምልክት ያለበትን ቤታችንን አፈረሱት። መሳፈሪያው ቀረ፤ ሣር በቀለበት። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። በሚቀጥለው ዓመት ተባለ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ተባለ፣ ከዚያ መባሉም ቀረ። ፊደል የቆጠርኩት ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። እናቴን በዚህ አልወቅሳትም። ድልድዩን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ልጄን ብቻውን አልክበትም። ግን እጁን ይዞ የሚያሻግረው ሌላ ሰው እፈልግለት ነበር ይመስለኛል። ይህንንም ማለት ቀላል ነው።

አባቴና ወንድሜ በመጀመሪያ ሄዱ። አጎቴ ባቡር በማይቆምበት ቦታ ጫማ አልሰፋም ብሎ በወሩ ሳጥኑን ተሸክሞ ተከተላቸው። ፀጉር አስተካካዩ በዓመቱ ቀጣዩ ጣቢያ አጠገብ ቤት ተከራየ፤ ሰው ያለው እዚያ ነው አለ። ባለሻይዋ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ እሷም ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ ጠቅልላ ሄደች፤ ክፍሉን ለእናቴ ትታላት። ከሸኚዎቹ ሁሉ የቀረ የለም። የቀረነው እናቴና እኔ ነን።